የውድድር መኪና የፍሬን ሸራ አመራረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በገዛ መኪናቸው በአማተር ደረጃ ለሚወዳደሩ፣ ያችኑ መኪና ሰኞ ጠዋት ሥራ ለሚሄዱባትም ጭምር።

በየቀኑ የምነዳበት ሸራ ደህና ይይዛል። ለውድድር ለምን አይበቃም?

ፍሬን የመኪናውን ፍጥነት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሌላ ሥራ የለውም። 1,000 ኪሎ የምትመዝን ቪትዝ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ተነስታ ቀጥ ስትል ወደ 62 ኪሎ ጁል ሙቀት ዲስክና ሸራው ላይ ይራገፋል። ያችው መኪና ለኩርባ ከ120 ወደ 60 ስትወርድ ግን 417 ኪሎ ጁል ነው፤ ሰባት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ከተማ ውስጥ ከአንድ መብራት እስከሚቀጥለው ድረስ ዲስኩ ይተነፍሳል። ትራክ ላይ ግን ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ቀጣዩ ኩርባ ይመጣል፤ ዲስኩ ሳይበርድ ሌላ ሙቀት ይጫንበታል።

የመንገድ ሸራ ቅንጣቶቹ የተያያዙት ሬዚን በሚባል ሙጫ ነው። ሙቀቱ ከ300 እና 350 ዲግሪ ሲያልፍ ሙጫው እየተቃጠለ ጋዝ ያወጣል፣ የሸራው ፊትም እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ያኔ ፍሬኑ ይከዳል። በነገራችን ላይ «ሸራ» የሚለው ስማችን ከነገሩ ጋር ይገጥማል፤ ፌሮዶ የተባለው የሸራ አምራች መሥራች ኸርበርት ፍሩድ እ.ኤ.አ. በ1897 እንግሊዝ ውስጥ ሥራውን ከጀመረ በኋላ በነበሩት ዓመታት የፍሬን ልባስ የሚሠራው ሙጫ ከጠጣ የጥጥ ጨርቅ ነበር።

ሸራ ስመርጥ መጀመሪያ ማየት ያለብኝ ምንድን ነው?

የሚሠራበትን የሙቀት ክልል። ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው «የቱ ነው በደንብ የሚይዘው?» ብሎ ነው። ሁሉም ሸራ በራሱ ሙቀት ላይ በደንብ ይይዛል፤ ልዩነቱ ያ ሙቀት የእርስዎ ዲስክ የሚደርስበት መሆን አለመሆኑ ላይ ነው። ለ700 ዲግሪ የተሠራ የውድድር ሸራ 300 ዲግሪ ብቻ በሚደርስ ቀላል መኪና ላይ ቢገጠም፣ ገንዘብ ወጥቶበት ከተራው ሸራ የባሰ ሆኖ ይገኛል፦ ይንጫጫል፣ ዲስክ ይበላል፣ አይይዝም።

ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ስዊፍትና መሰል ቀላል መኪኖች ሞተራቸው ካልተነካና ተራ ጎማ ከተገጠመላቸው፣ ብዙውን ጊዜ የሚበቃቸው ለመንገድም ለትራክም ተብሎ የሚሠራው የመካከለኛ ደረጃ ሸራ ነው። ለምሳሌ ፌሮዶ ዲኤስ2500 የሚባለውን አምራቹ የሚያቀርበው ከ20 እስከ 500 ዲግሪ ይሠራል ብሎ ነው፤ ኢቢሲ የሚባለው የፍሬን አምራች ቢጫ ሸራም ለመንገድም ለትራክም ተብሎ የሚሸጥ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ የሚያስፈልገው መኪናው ሲከብድ፣ ሞተሩ ሲጎለብት ወይም ልዩ የውድድር ጎማ ሲገጠም ነው። ጎማው በያዘ ቁጥር ፍሬኑ በአጭር ጊዜ ብዙ ሙቀት ያመርታልና ጎማ ሲቀየር የሸራው ሂሳብም ይቀየራል።

ዲስኬ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ በምን አውቃለሁ?

አስተማማኙ መንገድ ሙቀት ሲደርስበት መልኩን የሚለውጥ ቀለም ነው። በአንድ ጥቅል ሦስት ብልቃጥ ይመጣል፦ አረንጓዴው በ430 ዲግሪ ይነጣል፣ ብርቱካናማው በ560 ቢጫ ይሆናል፣ ቀዩ በ610 ይነጣል። ዲስኩ በርዶ ሳለ የውጭ ጠርዙን አጽድተው ሦስቱን ጎን ለጎን አንዳንድ ሴንቲ ሜትር ይቀቡ፤ ከመጀመሪያው ሙሉ ልምምድ በኋላ ቸርኬውን ፈትተው ይዩ። አረንጓዴው ነጥቶ ብርቱካናማው እንዳለ ከቀረ፣ ዲስክዎ ከ430 አልፎ 560 ሳይደርስ ነው የዋለው። እንግዲህ የሚፈልጉት ሸራ እስከ 560 ድረስ የማይከዳውን ነው።

የላዘር ቴርሞሜትር ርካሽ ስለሆነ ብዙዎች እሱን ይጠቀማሉ፤ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ሁለተኛ፣ መኪናው ዞሮ ገብቶ እስኪቆም ዲስኩ መቶ ዲግሪና ከዚያም በላይ ይበርዳል። የግራና የቀኝ ልዩነት ለማየት ግን ይጠቅማል፤ በሁለቱ መሃል ትልቅ ልዩነት ካለ አንዱ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) ተጣብቋል ወይም ሌላው አልሠራም።

የሸራው ጠርዝ ላይ የተጻፉት ሁለት ፊደላት ምን ይናገራሉ?

የመጀመሪያው ፊደል ሸራው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን የመያዝ አቅም ያመለክታል። ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው፤ ኤች ከዚያ በላይ። «ኤፍ ኢ» የሚል ሸራ ሲሞቅ ይደክማል ማለት ነው፤ «ኤፍ ኤፍ» ወይም «ጂ ጂ» አቅሙን ይዞ ይቆያል።

ነገር ግን ሙከራው የሚደረገው እስከ 343 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሆነውን ፊደላቱ አይናገሩም። ለከተማ መኪና ጥሩ መምረጫ ናቸው፤ ለትራክ ግን የአምራቹን የሙቀት ሰንጠረዥ ማየት ግድ ነው።

ሴራሚክ ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

ለትራክ፣ አይደለም። ገበያ ላይ «ሴራሚክ» ተብሎ የሚሸጠው የመንገድ ሸራ የተሠራው እንዳይጮኽና ቸርኬ እንዳያጠቁር ነው። በውድ መኪኖች ላይ ካለው የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ጋር ስም እንጂ ሥራ አይጋራም።

የውድድር ሸራ ገጥሜ ከተማ ውስጥ መንዳት እችላለሁ?

ነገሩን በአንድ ጠዋት ማየት ይቻላል። ኅዳር ላይ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ መኪናው ፒያሳ ውጭ አድሮ ዲስኩ በረዶ ሆኗል። ከማዘጋጃ ቤቱ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ሲወርዱ የመጀመሪያውን ፍሬን ይረግጣሉ። ለውድድር ብቻ የተሠራ ሸራ ከሆነ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ መኪናው ግን መንሸራተቱን አይተውም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ እየተሻለ ይመጣል፤ ሚኒባሱ ፊትዎ ቀጥ የሚለው ግን በመጀመሪያው ነው። ክረምት ላይ ዲስኩ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ የመካከለኛ ደረጃውን ሸራ ገጥሞ በሁለቱም መንዳት፤ ወይ ሁለት ሙሉ ጥንድ ይዞ ለውድድር ቀን መቀያየር። የሚቀያይሩ ከሆነ እያንዳንዱ ሸራ የራሱ ዲስክ ቢኖረው ይመረጣል፤ አንዱ ሸራ ዲስኩ ላይ የሚተወው ልባስ ከሌላው ጋር አይስማማም። አንድ ዲስክ ብቻ ካለ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ እንደገና ማላመድ ያስፈልጋል። ከትራክ ሲመለሱ ደግሞ ከእንጦጦ ወደ ፒያሳ የሚወርደውን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አይውረዱት፤ ከፍታው ከ500 ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ ማርሽ ካልያዘልዎት፣ ለ1,000 ኪሎ መኪና ከ40 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 80 ጊዜ ያህል ቆሞ እንደመነሳት ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ብዙ ሰውም ይረሳዋል። መሃል ከተማው 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ የአየር ግፊት የባህር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ አየሩም በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ዲስክ የሚበርደው በአየር ስለሆነ፣ የአውሮፓ ተወዳዳሪ በዚያው መኪናና በዚያው ፍጥነት ያልደረሰበትን ሙቀት እዚህ ሊደርሱበት ይችላሉ። ሞተሩም ቱርቦ ከሌለው በዚሁ መጠን ይደክማልና በቀጥታው መንገድ ላይ የሚደረስበት ፍጥነት ዝቅ ይላል፤ የተወሰነውን ያካክሳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም።

ሌላው ሰርቮው ነው። ፔዳሉን የሚያግዘው የአየር ግፊት ስለሆነ፣ እገዛው ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ይቀንሳል። መኪና ከጅቡቲ ነድቶ የመጣ ሰው «ፍሬኑ ጠጠረብኝ» ሲል ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኼ ነው፤ ሸራው ምንም አልሆነም። ስለዚህ ሁለት ሸራ እኩል ሙቀት የሚችሉ ከሆነ፣ ለእኛ ከተማ ገና ሲነካ የሚይዘው ይመረጣል።

የፊቱን ብቻ ብቀይርስ? የኋላው ታምቡር ነው።

እንደ ዲኤክስና ቪትዝ ባሉት መኪኖች የተለመደውም እሱ ነው፤ ሲፈረን ክብደቱ ወደፊት ስለሚጋፋ የሥራው አብላጫ ድርሻ የፊቱ ነው። የኋላውን ጤነኛ፣ እኩል የተስተካከለና ዘይት ያልነካው አድርጎ መተው ይበቃል። የፊቱ በጣም ኃይለኛ ከሆነ የፊት ጎማ ቀድሞ ይቆለፋል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ይኼ ያናድዳል እንጂ አያዞርም።

አደጋው ግልባጩ ነው። ኋላም ዲስክ ያለው መኪና ላይ ከፊቱ የበለጠ የሚይዝ ሸራ ከኋላ ከገጠሙ፣ ኩርባ ሲገቡ የኋላው ቀድሞ ይቆለፍና መኪናው ይሽከረከራል። የኋላው ሸራ ከፊቱ እኩል ወይም አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ይሁን፤ መቼም ከፍ አይበል።

ሶማሌ ተራ ሸራ ስገዛ በምን ልለየው?

አሮጌውን ሸራ ፈትተው ይዘው ይሂዱ። በሞዴል ስምና በዓመተ ምሕረት ብቻ መግዛት የሚያስቆጨው አንድ ኮሮላ እንደ መጣበት ገበያ ሁለትና ሦስት ዓይነት ካሊፐር ሊኖረው ስለሚችል ነው። ጀርባ ለጀርባ ገጥመው ቅርጹን፣ ጆሮዎቹንና ውፍረቱን ያስተያዩ። ከዚያ ጽሑፉን ይዩ፦ ደህና አምራች ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ ብቻ ሳይሆን የሸራው ብረት ጀርባ ላይም ያትማል፣ ሁለቱም ይመሳሰላሉ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ከሆነ በክብ ውስጥ የተጻፈ የኢ ፊደልና «90አር» የሚል ምልክት አለው። አራቱን ሸራዎች በእጅ መዝኗቸው፤ ጠርዛቸው የተሰነጠቀ፣ ከብረቱ የተላቀቀ ወይም ቀለም ተቀብቶ የተሸፈነ ከሆነ ይተዉት።

አሮጌ ብረት ላይ በማጣበቂያ እንደገና የተለበጠ ሸራ ለከተማ ታክሲ ስንት ዘመን አገልግሏል፤ ለትራክ ግን በፍጹም አይሆንም። ማጣበቂያው ሲግል ይለቅና ልባሱ ሙሉ በሙሉ ተገንጥሎ ይወጣል፣ ፒስተኑ ባዶ ብረት ይገፋል። እውነተኛ የውድድር ሸራ እዚህ በቀላሉ ስለማይገኝ ብዙዎች ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ በሰው ሻንጣ ያስመጣሉ። እንዲህ ሲሆን የሸራውን ፎቶ ብቻ አይላኩ፤ ርዝመቱን፣ ቁመቱንና ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ጽፈው ይላኩ።

አዲስ ሸራ እንዴት ይላመዳል?

ማላመድ ማለት ስስ የሸራ ልባስ ዲስኩ ላይ እኩል እንዲቀባ ማድረግ ነው። ሲገጥሙ ዲስኩን በፍሬን ማጽጃ ወይም በሳሙናና ውሃ አጥበው ያድርቁት። ቤንዚን አይጠቀሙ፤ ቅባት ይተዋል፣ የካሊፐሩንም ጎሚኒ ያሳብጣል። አሮጌውን ብናኝ በኮምፕሬሰር ማስነፋትም ይቅር፤ ርካሽ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

መጀመሪያ በሰዓት ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በመጠነኛ አረጋገጥ ስምንት፣ አሥር ጊዜ ያህል ይፈርኑ። ከዚያ ለውድድር በተዘጋ አስፋልት ላይ ከ100 ወደ 20 ጠንከር አድርገው ሌላ ስምንት ጊዜ። በመሃል የቃጠሎ ሽታ ይመጣል፣ ፍሬኑም ለአፍታ ይደክማል፤ አዲሱ ሙጫ ጋዝ እያወጣ ስለሆነ አያስደንግጥ። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ አሥር ደቂቃ ያህል ነድተው ያብርዱት። ዋናው ነገር፦ ዲስኩ ግሎ ሳለ ፔዳል ረግጠው አይቁሙ፣ የእጅ ፍሬንም አይያዙ፤ ማርሽ ያስገቡና ጎማውን በድንጋይ ያስደግፉት። በትክክል የተላመደ ዲስክ ዙሪያውን እኩል የሆነ ግራጫ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መልክ ይይዛል። በዚህ ቀለበት ላይ የሸራ ቅርጽ ያለው ጥቁር ጥላ ካዩ አንድ ቦታ ላይ ግሎ ቆሟል ማለት ነው።

ከአራት ዙር በኋላ ፍሬኑ ይከዳል። ሸራው ነው ወይስ ዘይቱ?

እግርዎ ይነግርዎታል። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ፣ የቻሉትን ያህል ቢረግጡትም መኪናው ካልቆመ ችግሩ ሸራው ነው፤ ከክልሉ በላይ ግሏል። ፔዳሉ ላላ ብሎ እስከ ወለሉ ከወረደ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመቱት ደግሞ ከፍ ካለ፣ ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ሠርቷል። የመጀመሪያው በሸራ ይድናል፤ ሁለተኛው የዓለምን ምርጥ ሸራ ቢገጥሙም አይድንም፣ እንዲያውም ሙቀት የሚችል ሸራ ሲገጥሙ የበለጠ ስለሚግል ይብሳል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ዝቅተኛው መስፈርት 155 ነው። ዶት 3 ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ለውድድር የሚሠሩት ምርጦቹ አዲስ ሳሉ ከ300 ያልፋሉ። ስለዚህ ገንዘብ ካጠረ ቅደም ተከተሉ ዘይት፣ ከዚያ ሸራ ነው፤ አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ሙሉ መኪና ያድሳል። የታሸገ ይግዙ፣ ከውድድሩ በፊት አየሩን ከአራቱም ጎማ ያስወጡ፣ የተረፈውን ክፍት ጠርሙስ ለሚቀጥለው ወር አያስቀምጡ። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይገባበት፤ ጎሚኒዎቹን ሁሉ አሳብጦ ፖምፓውን ያስቀይራል። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም፤ ዶት 5.1 ግን ሌላ ነው፣ ይቀላቀላል።

ስፈርን መሪው ይንቀጠቀጣል። ዲስኩ ተጣሞ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሸራው ዲስኩ ላይ እኩል ሳይቀባ ቀርቶ አንዱ ቦታ ወፍሯል። መካኒኩ ወዲያው «ቶርኖ ቤት ይሂድ» ይላል፤ ከዚያ በፊት የተሻለ ሸራ ገጥመው እንደገና በደንብ ማላመድ ይሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ ጠርጎ ያወጣዋል። ሌላው የተረሳ ምክንያት ሞዞው (ዲስኩና ቸርኬው የሚታሰሩበት እምብርት) ላይ ያለ ዝገት ነው፤ በዲስኩና በሞዞው መሃል የገባች ስስ ቅርፊት ጠርዙ ላይ ስትደርስ ትልቅ መዛነፍ ትሆናለች። በሽቦ ብሩሽ ያጽዱት፣ ዳዶዎቹንም በመስቀልያ ተራ እኩል ያጥብቁ።

ቶርኖ ቤት ካስገቡ ዲስኩ ላይ በሚሊ ሜትር የታተመውን ዝቅተኛ ውፍረት አስቀድመው ያንብቡ። ለትራክ የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚያጠራቅምበት ሥጋ የለውም።

መቼ ልቀይር? አንዱ ጎን ቀድሞ ካለቀስ?

ከተማ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀር ይነዳል። ለትራክ ግን ከአዲሱ ውፍረት ግማሽ በታች በሆነ ሸራ ቀኑን አይጀምሩ፤ ሸራው ለፒስተኑና ለዘይቱ የሙቀት መከላከያ ነው፣ ሲሳሳ ሙቀቱ በቀጥታ ዘይቱ ጋ ይደርሳል፣ የማለቂያው ፍጥነትም ይጨምራል።

የውስጡ አልቆ የውጩ ካለ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል፤ ፈትተው አጽድተው ሙቀት የሚችል ግሪስ ይቀቡ፣ ተራ ግሪስ ይቃጠላል። በአንድ ሸራ ላይ ዳርና ዳሩ እኩል ካልሆነ ካሊፐሩ ከሙቀትና ከግፊት እየተከፈተ ነው፤ ትንሽ መዛነፍ የተለመደ ነው፣ ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን ካሊፐሩንና ማሰሪያውን ያስፈትሹ።

ሁሉንም አዲስ አድርጌ፣ ከኩርባ በኋላ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆንብኛል። ሁለተኛው ደህና ነው።

ይኼ ሸራም ዘይትም አይደለም። በኩርባ ውስጥ ሞዞው ሲዘም ዲስኩ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ፒስተኑ ይገባል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ርግጫ ክፍተቱን በመሙላት ያልቃል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ያረጀ ኩሽኔታ ነው። መኪናውን በክሪክ አንስተው፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙት፤ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ ሲይዝ መወዛወዙ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ የመኪናውን እግር መገጣጠሚያ ይመልከቱ። መኪናው እስኪሠራ ድረስ ከፍሬን ቦታው በፊት በቀጥታው መንገድ ላይ በግራ እግር ፔዳሉን አንዴ ቀለል አድርጎ መንካት ሸራውን ወደ ቦታው ይመልሳል።